ጌሙ ሳሎን ሲገባ

ባለፈው ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ጮኸ። ከሲያትል ነው። በዚህ ሰዓት ከአሜሪካ ሲደወል በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ክፉ ነገር ነው። ልቤ እየመታ አነሣሁት። የልጅ ልጄ ነው። ዘንድሮ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያን ማታ ግን ድምፁ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖብኛል።

«እማማ፣ ሳጥኑ ተመልሶ መጣ!» አለኝ።

የቱ ሳጥን ብዬ አልጠየቅኩም። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ሳጥን አንድ ብቻ ነው። ወሬውን እስከ መጨረሻው ካዳመጥኩት በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የጻፍኩትም በዚያ ምክንያት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ያላወራሁት ነገር አለበት።

ነሐሴ 2005 ልጄን ላርስ ወደ ሲያትል ሄድኩ። ሻንጣዬ በርበሬ፣ ሽሮና የአጥሚት እህል ነበር። ሕፃኗ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ተወለደች፤ እሷን ማቀፍ አዲስ አልነበረም፣ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ። ግራ ያጋባኝ ትልቁ ልጅ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በዘጠኝ ዓመቱ፣ በ2001 ከወላጆቹ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ነው። ያኔ ቀሚሴን ይዞ የሚዞር ልጅ ነበር። አሁን ድምፁ ጎርንኗል፣ ቁመቱ በልጦኛል፣ አማርኛው ደግሞ ተሸርሽሯል፤ እኔን «አንተ እማማ» ይለኛል። እናቱ ስትቆጣው «ተይው፣ ወንድነቱ ይሻለኛል» ብዬ ሳቅኩ።

የክፍሉ በር ሁልጊዜ ዝግ ነው። ከበሩ ሥር ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። አንዳንዴ ሳቅ ይሰማል፣ አንዳንዴ ጩኸት። ለእራት ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ በአራተኛው መጥቶ ቆሞ ይጎርሳል፣ ተመልሶ ይገባል። አባቱ ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ነው። ከልጁ ጋር የሚገናኙት በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ቀን «ያንን ነገር አጥፋ» በማለት ያልቃል።

እኔ በወጣትነቴ የከረንቡላ ቤትን የረገምኩ እናት ነኝ። ሁለተኛው ልጄ ከትምህርት ቤት ሲጠፋ የት እንደማገኘው አውቅ ነበር። ኋላም በየሰፈራችን ጆተኒው፣ ከዚያ ፕሌይስቴሽን ቤቱ መጣ፤ ሕፃናት የዳቦ መግዣ ይዘው ሲገቡ አይቻለሁ። ግን እነዚያ ቤቶች ቢያንስ በር ላይ ቆመህ ጆሮውን ይዘህ የምታወጣባቸው ናቸው። ይኼኛው ልጅ ግን እቤቱ ውስጥ ነው፤ ጠፍቷል እንዳይባል አለ፣ አለ እንዳይባል የለም።

መስከረም 13 ቀን ሰኞ ከትምህርት ቤት እየሮጠ ገባ። ቦርሳውን ጣለና «እማማ፣ ቫልቭ ሳሎን ሊገባ ነው!» አለኝ። እኔ የማውቀው ቫልቭ የቧንቧ ሠራተኛ የሚቀይረው ነው። የቱ ነው የሚያፈሰው ብዬ ተነሣሁ።

ሲያስረዳኝ አመሸ። ቫልቭ የጌም ኩባንያ ነው፤ መቀመጫው ቤልቪው፣ ከእነሱ ቤት ሐይቁን ተሻግሮ ነው። ስቲም የሚባል ገበያ አለው። «እንፋሎት» ማለት ነው፤ ለኮምፒውተር ጌም ግን እንደ መርካቶ በሉት። ልጆቹ የሚገዙትም፣ ወዳጅ የሚያፈሩትም፣ የሚጨቃጨቁትም እዚያ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኩባንያው 65 ሚሊዮን ደንበኛ አለኝ ብሏል። እና ያን ሰኞ ስቲም ኦኤስ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ዋና ፕሮግራም፣ ሊያወጣ መሆኑን አስታወቀ። ዋጋ የለውም፣ በነፃ ነው። መሠረቱ ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ ማንም ወስዶ የሚያሻሽለው የጋራ ሀብት ነው። የተሠራው ለጠረጴዛ ሳይሆን ለቴሌቪዥን ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጠህ፣ ጆይስቲክ ይዘህ።

ከነገሩ በስተጀርባ የጎረቤታሞች ጠብ እንዳለበት የገባኝ ቆይቶ ነው። የቫልቭ መሥራች ጌብ ኒውዌል ማይክሮሶፍት ውስጥ 13 ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ማይክሮሶፍትም እዚያው ሐይቅ ማዶ፣ ሬድመንድ ነው ያለው። ዊንዶውስ 8 የራሱን ገበያ ይዞ ሲመጣ ሰውዬው በ2004 ክረምት ለኮምፒውተር ዓለም ታላቅ ጥፋት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በሰው ግቢ ሱቅ የከፈተ ሰው ባለግቢው ራሱ ሱቅ ሲከፍት የሚሰማው ስጋት ነው። ስለዚህ የራሴን ግቢ ላጥር አለ። ይኼ ለእኔ ከጌሙ ይልቅ ግልጽ ነበር።

ወሬው ሦስት ተብሎ ነበር፤ አንዱ ሰኞ፣ አንዱ ረቡዕ፣ አንዱ ዓርብ። ረቡዕ ዕለት ሳጥኖቹ ተነገሩ፤ ስቲም ማሽን ይባላሉ፣ የተለያዩ ፋብሪካዎች እየሠሩ የሚሸጧቸው። ከዚያ በፊት ግን ቫልቭ ራሱ የሠራቸውን 300 ሳጥኖች ለሙከራ በነፃ ለተጫዋቾች ያድላል። የልጅ ልጄ ያን ቀን እራት አልበላም። ለመመዝገብ የሚጠየቀውን ሁሉ እያሟላ ነበር፤ አሥር ጓደኛ በስቲም ላይ ማፍራት፣ አንድ ጌም በጆይስቲክ መጫወት፣ ሌላም ሌላም። «ከ300 አንዱ እኔ ነኝ» አለኝ። ሎተሪ የቆረጠ ሰው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ቀን መስቀል ነበር። መስቀል ዓርብ ስለዋለ በሽሮና በአዝፋ ነው ያከበርነው። ልጁ ቡናው ሲፈላ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ብርቅ ነው። ለካ የሚጠብቀው ሌላ ነው። ቫልቭ በ1997 ያወጣው ሃፍ ላይፍ 2 የሚባል ጌም አለ፤ ተከታዩ ሦስተኛው ሳይመጣ ቀረ። ተጫዋቾቹ «እነዚህ ሰዎች ሦስት ድረስ መቁጠር አይችሉም» እያሉ ይቀልዳሉ። ሦስተኛ ወሬ ሲባል ሁሉም ቁጥር ሦስት መጣ ብሎ ልቡ ተሰቅሏል። የመጣው ግን ጆይስቲክ ነው። በተለመዱት ሁለት ዘንጎች ፋንታ ሁለት ትልልቅ ክብ መዳሰሻዎች አሉት። ሥዕሉን አሳየኝ።

«ጉጉት ነው እንዴ?» አልኩት።

ልጁ ከሳቁ የተነሣ ቡናውን ሊደፋ። ጓደኞቹም ያን ቀን ጉጉት ነው ያሉት። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ በእኛ አገር ጉጉት ከቤት ጣሪያ ላይ ስታርፍ ደግ አይደለም። ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ ጉጉትም ጉጉት ነው እኮ፣ ይኼው ሦስት ቀን ሲጓጓ» አለች። በቃል ተጫውተን አለፈ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጓደኞቹ መጡ። ሕፃኗ ከክፍሉ አጠገብ ስለተኛች ልጄ «ሳሎን ተቀመጡ» ብላ አወጣቻቸው። የሳሎን ጌም ይጠቅማል አይጠቅምም ብለው የተከራከሩት ሳሎን ውስጥ ነው እንግዲህ። እኔ ጥግ ላይ የሕፃን ልብስ አጣጥፋለሁ። አሮጊቷ እንግሊዝኛ አትሰማም ብለዋል። ሠላሳ ዓመት ባንክ የሠራሁ ሴት ነኝ፤ የሰማሁት ብዙ ነው።

ረጅሙ ልጅ ፕሌይስቴሽን ይጫወታል። በኅዳር ወር ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ዶላር፣ ኤክስቦክስ ዋን በ499 ዶላር ሊወጡ ነው። «ሰክተህ ትጫወታለህ፣ አለቀ። ይኼን ሳጥን ማን ይገዛል? ለማን ነው የተሠራው?» አለ። የልጅ ልጄ ነፃነት አለ፤ ከዊንዶውስ እንወጣለን፣ ሳጥኑን ከፍተህ ዕቃውን መቀየር ትችላለህ፣ ማንም አይቆልፍብህም። ረጅሙ «ጌሙስ?» አለው። እዚህ ላይ ልጄ ደከመ። ስቲም ላይ ወደ 3000 የሚጠጋ ጌም አለ፤ በሊኑክስ የሚሠራው ግን ገና በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ቀሪውን ለመጫወት ጌሙ መኝታ ቤት ባለው ኃይለኛ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ሥዕሉ ብቻ በቤቱ ኔትዎርክ ወደ ሳሎን ይላካል። ማለትም ምግቡ ማድቤት ይበስላል፣ ሳሎን ይበላል። «ታዲያ ሁለት ኮምፒውተር ልትገዛልኝ ነው?» አለ ረጅሙ። እውነቱን ለመናገር በልቤ ለእሱ ነው የፈረድኩት።

ሦስተኛው የጎረቤት የሐበሻ ልጅ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ማውስና ኪቦርድ ካልሆነ በጆይስቲክ መተኮስ ለእሱ ነውር ነው። ሁለቱ ሲደክሙ አንገቱን ሳያቀና እንዲህ አለ፦

«እኔ ሳሎን አልፈልግም። ሳሎን እናቴ አለች።»

ሦስቱም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ማታ ግን ቃሉ አልለቀቀኝም። እኛ ስንት ዓመት በሩን ለምን ይዘጋል እያልን እንጨነቃለን፤ ልጁ ምክንያቱን በሦስት ቃል ተናገረው። በአዲስ አበባው ቤቴ ሳሎን የእንግዳ ነው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር፤ ልጆቼ ሶፋው ላይ እግራቸውን እንዳያነሡ ስጮህ ኖሬያለሁ። ታዲያ ማን ይመጣል?

ለሴት ልጄ ባል ነገሩን አነሣሁለት። «ልጁ ጌሙን ሳሎን ይዞ ይውጣ፤ ቢያንስ ፊቱን እናያለን» አልኩት። አክባሪ ሰው ነው፤ አማቱን ፊት ለፊት አይቃወምም። ቡናውን ጨረሰና «እማማ፣ እርስዎ ካሉ... ግን ሳሎኔ ፕሌይስቴሽን ቤት እንዳይሆን ነው» አለኝ። እምቢ ማለቱ ነው።

ታኅሣሥ 4 ቀን 300ዎቹ ሳጥኖች ተላኩ። የልጅ ልጄ አልደረሰውም። ያው ቀን ግን ስቲም ኦኤስ ራሱ ለሙከራ ተለቀቀ፤ የፈለገ ያወርደዋል። ኩባንያው ለተራ ሰው የመከረው ታግሶ እንዲቆይ ነበር፤ ሊኑክስ የለመደ ደፋር ካልሆንክ በቀር እስከ ቀጣዩ ዓመት ጠብቅ ብሏል። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ «ደፋር ካልሆንክ» ማለት ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ልጄና ባሏ ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። ሕፃኗ እኔ ላይ ናት፤ ጥርስ ሳያበቅል የሚያስለቅስ ሆድ ቁርጠት ይዟታል። ልጁ በቤቱ ያለውን አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ከክፍሉ ተሸክሞ አወጣ። የሚያስፈልገው ሁሉ አለው፤ የኤንቪዲያ ካርድ አለው፣ ከ500 ጊጋባይት የሚበልጥ ዲስክ አለው። ፍላሹን ሰካ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። ከዚያ ቆመ። ማስጠንቀቂያ አለ፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል ይላል። ልጁ አንብቦታል። እኔን ያየኝም ለዚህ ነው።

«እማማ፣ አባዬ ሁሉንም ወደ ጥቁሩ ዲስክ ገልብጦታል አይደል?»

በነሐሴ ወር የልጄ ባል አንዲት ጥቁር ኤክስተርናል ዲስክ ሰክቶ ሲገለብጥ አይቻለሁ። ምን እንደሚገለብጥ አልጠየቅኩም። ሕፃኗ ትጮሃለች። እኔ እየወዘወዝኳት «አዎ አዎ፣ ገልብጦታል» አልኩት።

በባንክ ሠላሳ ዓመት ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት የለም። ያላየሁትን ሒሳብ ትክክል ነው ብዬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያንን አንድ ጊዜ ደግሞ ለልጅ ልጄ አስቀመጥኩት።

ማታ ወላጆቹ ሲመጡ ቴሌቪዥኑ ላይ ስቲም በትልቁ በርቷል። ልጁ ፊቱ አብርቷል። አባቱ «የግብር ወረቀቶቼስ?» አለ፤ ጥቁሩን ዲስክ አምጥቶ ከፈተ፣ አሉ። ሁላችንም ተነፈስን። አባትዬው ሶፋ ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተቀመጠ፤ አልወደደውም፣ አልተነሣምም። እኔ በልቤ እሰይ አልኩ።

ታኅሣሥ 12 የባለቤቴ ሦስተኛ ሙት ዓመት ነበር። በዋዜማው ልጄ የአባቷን ቪዲዮ ለመክፈት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። በ2001 ሲመጡ የቀረጹት ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጁን የልጁ ራስ ላይ ጭኖ ይመርቀዋል። አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ከኋላ ዶሮ ይጮሃል፣ እኔም ከማድቤት «ምሳ ደርሷል» ስል እሰማለሁ። ባለቤቴ ፎቶ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ጥቁሩ ዲስክ ላይ ደግሞ የግብር ወረቀትና የሥራ ወረቀት ብቻ ነበር።

ልጄ አልጮኸችም፣ ቢሻል ኖሮ ትጩህ ነበር። ልጁ ነጭ ሆነ። አባቱ ከመቀመጫው ሲነሣ እኔ ቀደምኩት፤ «ጠይቆኛል፣ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አየኝ። በአማት ፊት አይጮህም። ካፖርቱን ለብሶ ወደ ሥራው ሄደ፤ የሥራ ሰዓቱ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።

ለባለሙያ አሳይተውታል፤ አዲስ ነገር የተጻፈበት ቦታ አይመለስም ተባለ። ፎቶዎቹ ከፊሉ አዲስ አበባ ካሉት ልጆቼ ዘንድ ተገኙ። ድምፁ የለም።

ልጁ ከዚያ በኋላ በሩን አልዘጋም፤ ኮምፒውተሩንም አልነካም። ይኼ ይባስ። ሲጠፋ እንጂ ሲፈራ ማየት አልፈልግም ነበር። በገና ዋዜማ አባቱ ራሱ ዊንዶውሱን መልሶ ጫነለትና፣ ምንም ሳይናገር፣ እዚያው ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተወው። ለምን ወደ ክፍሉ እንዳልመለሰው እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ እያፈረ አንድ ጌም ከፈተ። ፕራግ ያለ ኩባንያ የሠራው ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባል ነው። ማንም አይገደልበትም፤ ከባድ መኪና ይዘህ ጭነትህን ከአንዱ የአውሮፓ ከተማ ወደ ሌላው ታደርሳለህ። እኔ ሕፃኗን ይዤ አየዋለሁ። ቁልቁለት ደረሰና እየበረረ ወረደ።

«ማርሽ ቀንስ! ፍሬን አትመን፣ ይቃጠላል!» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ባለቤቴ፣ አያቱ፣ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ኤንትሬ የምንለውን ፊያት 682 ከነተሳቢው ነድቷል። ልጁ ይህን ያውቅ ይሆናል፤ ማወቅና ማወቅ ግን ይለያያል። ያን ቀን «አባባ ከአሰብ ለመምጣት ስንት ቀን ይፈጅበታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አራት አልኩት። ሚሌ ላይ ሙቀቱን፣ ባቲ ገበያውን፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚያድርበትን ቤት፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ረዳቱ ወርዶ ፊት ፊት እየሄደ መንገዱን እንደሚያሳየው ነገርኩት። ልጁ ጣርማ በርን በካርታ ፈለገው። አባቱ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ አሥሮ ጨርሶም አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አንድ ጭነት ሳናደርስ አንተኛም ነበር። እኔ ረዳት ነኝ።

ምርቃቱን ግን ማንም ሊያስታውሰው አልቻለም። እኔ «ዕድሜ ይስጥህ» ብሎ እንደጀመረ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይጠፋብኛል። ልጁ የሚያስታውሰው እጁ ከባድ እንደነበረ ብቻ ነው።

ሚያዝያ ላይ አገሬ ገባሁ። ወሬው ግን በስልክ ይከተለኝ ነበር። ሳጥኖቹ ለገበያ የወጡት ጥቅምት 30 ቀን 2008 ነው፤ ገዢ አላገኙም። ረጅሙ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ፣ ጌሙስ ያለው፣ መልስ ሳያገኝ ነው የወጡት። በ2010 ስቲም ከመደብሩ ፊት ለፊት አነሣቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ግን ፕሮቶን የሚባል ነገር ተለቀቀ፤ ለዊንዶውስ የተሠራን ጌም በሊኑክስ ላይ የሚያጫውት፣ አስተርጓሚ በሉት። ያ ነገሩን ቀየረው። በ2014 የካቲት ስቲም ዴክ የሚባለው በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ወጣ፤ የሚሠራው በዚያው በስቲም ኦኤስ ነው፣ ይኼኛው ተሸጠ። የልጅ ልጄ ባለፈው ዓመት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ይዞት መጣ። ከእኔ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ዳንቴሉን ያነሣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከካሌ እስከ ሚላኖ ነዳን፤ ጎረቤቶቼ ቡና ሊጠጡ መጥተው ተሳፈሩ።

ሌላም ነገር አሳየኝ፤ ለልጅ ልጆቻችሁ ይሆናችኋል። ስቲም ላይ አሁን እስከ ስድስት ሰው የሚይዝ የቤተሰብ መዝገብ አለ። ወላጅ ለልጁ የትኛው ጌም እንደሚፈቀድ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጫወት ይወስናል። የአንዱን ጌም ሌላው ይጫወተዋል። ደግ ነገር ነው። አባቱ ግን ይህ ሳይኖርም ኮምፒውተሩን ሳሎን ትቶት ነበር።

ወደ ኅዳሩ ስልክ ልመለስ። አዲሱም ስቲም ማሽን ነው የሚባለው፤ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ እንደ ትንሽ የሙዳይ ሣጥን ያለ። አሁን የሚሠራው ቫልቭ ራሱ ነው። ጆይስቲኩም አለ፤ ክቦቹ አራት ማዕዘን ሆነው፣ ዘንጎቹም ተመልሰው። ሲያስታውቁ ዋጋውን አልተናገሩም፤ ልጆቹም ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩት በእሱ ነው። ረጅሙ ዛሬም «ሰክተህ ትጫወታለህ» ይላል። ያ ሳሎን አልፈልግም ያለው ልጅ አግብቷል፤ ከሁሉ በፊት ልግዛ ያለው እሱ ነው አለኝ። «እሱ አሁን ሳሎን ሚስቱ አለች» ብሎ ሳቀ።

«ዲስክ ያጠፋል?» ብዬ ጠየቅኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «አያጠፋም እማማ። ደግሞ ሁሉንም ሁለት ቦታ ገልብጫለሁ። ከፍቼ አይቼዋለሁ» አለኝ።

ከጀርባው የእህቱ ድምፅ ተሰማ። ያቺ በሆድ ቁርጠት ስትጮህብኝ የነበረችው፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ አንድ ላይ ነው የሚኖረው፤ ቴሌቪዥኑም አንድ ነው። ሳጥኑ ሳሎን አይገባም፣ እሷ ፊልም የምታየው እዚያ ነው፣ ከፈለገ ክፍሉ ወስዶ በሩን ይዝጋ ትላለች። እሱ በእንግሊዝኛ መለሰላት፣ እሷም መለሰች። አባታቸው ተነሥቶ ይሆናል፣ የሆነ ነገር ሲናገር ሰማሁ። ስልኩን ያስታወሰኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልዘጋሁትም፣ ክርክራቸውን እያዳመጥኩ ቆየሁ።